ሞተሩ ሳይነሳ የቆየበት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በደርግ ዘመን በመካነ ሰላም ጤና ረዳት ነበሩ። እኔም እዚያው ክሊኒክ አብሬያቸው ሠርቻለሁ።

አንድ ማለዳ ከላላ በምትባለው ወረዳ የወለደች ሴት ደሟ አልቆም እንዳለ ተነገረን። ጋሼ ደም የሚያቆመውን መድኃኒት ይዘው ወደ ሞተር ሳይክላቸው ሲሄዱ የዘይት መፍሰሻው ብሎን ላልቶ፣ ዘይቱ መሬት ላይ ተንጣሎ አገኙት። የቀበሌው ሊቀመንበር ከቤቱ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዞ መጣ።

"ዘይት አይደል? ጨምርበትና ሂድ!"

"ይሄ የወጥ ነው። ሲግል ይቃጠላል፤ መንገድ ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይላል" አሉት።

"ሆን ብለህ ነው የምታዘገየው። ይሄ አሻጥር ነው!" ብሎ ጠመንጃውን ደቀነባቸው።

በዚያ ዘመን በዚህች ቃል ስንቱ ተወስዶ ቀርቷል። ጋሼ ግን ብሎኑን ማጥበቃቸውን ሳያቆሙ ወደ እኔ ዞሩ።

"ወፍጮ ቤት ሩጪ። የሞተር ዘይት ለምኚልኝ፤ የተቃጠለውን እንዳይሰጡሽ።"

ይዤ ስመለስ አፈሙዙ እንደተደቀነ ነበር። ጋሼ ዘይቱን በጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ ቀስ ብለው ሞሉት። ሞተሩን አስነስተው ብሎኑ እንደማያንጠባጥብ ካዩ በኋላ ሄዱ።

በማግስቱ ተመልሰው "ተርፋለች" አሉኝ። ወዲያው ጎንበስ ብለው የሞተሩን ሥር አዩ።

እስከ መጨረሻው ድረስ ከደጃቸው የሚነሳን መኪናም ሆነ ሞተር ሥሩን ጎንበስ ብለው ሳያዩ አይሸኙም ነበር። ከቀብር መልስ ከደጃቸው ልንሄድ ስንል፣ የመኪናችን ሞተር ተነስቶ ሳለ ሁላችንም ሳንነጋገር ቆም አልን። ጎንበስ የሚል ሰው አልነበረም።