ወንድምአገኘሁና ስቴጅ ፒያኖው

ወንድምአገኘሁ ደሴ ላይ ሠርግ ሲያደምቅ የኖረው በአንዲት አሮጌ ኪቦርድ ነው። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ማሲንቆው ሁሉ ከእሷ ይወጣል፤ ሰውዬው ብቻውን ሙሉ ባንድ ነበር። ይሄ አነሰውና ስቴጅ ፒያኖ ገዛ። «ባለሙያ የሚጫወተው ይሄን ነው፤ ኪቦርድ የልጅ መጫወቻ ነው» እያለ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን ስቱዲዮውን የረገጥነውን ሁሉ አደነቆረን። አልዋሽም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁ ያምራል።

ጌታው ታዲያ ኪቦርዷን ቤት ትቶ፣ ያንን የሬሳ ሳጥን የሚያህል ዕቃ ሚኒባስ ላይ ጭኖ ኮምቦልቻ ሠርግ ወረደ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከአዲሱ ዕቃ ውስጥ የከበሮ ድምፅ ፈለገ፤ የለም። ማሲንቆ ፈለገ፤ የለም። ያለው ፒያኖ ብቻ ነው። ደግነቱ በጣም ጥራት ያለው ፒያኖ ነው! ሚዜዎቹ ለእስክስታ ትከሻቸውን እንዳዘጋጁ ቆመው ቀሩ። ይሄን ጊዜ የሙሽራዋ ጎረቤት እትዬ ነጂባ ባዶ ጀሪካን አንስተው መምታት ጀመሩ፤ ሠርጉም ሠርግ ሆነ።

በሳምንቱ ከኮምቦልቻ ተደወለለት።

«ወንድም፣ ሌላ ሠርግ አለብን።»

«በደስታ!» አለ ባለሙያው።

«እግዜር ይስጥህ። ጀሪካን የመቱት ሴትዮ ስልክ አንተ ጋ ይኖር ይሆን?»