ወደ ባቲ የወሰደችኝ ቀይ መኪና

ልጄ ሀያት ዛሬ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ መኪናዋን ፈታታች። ባለ ሁለት በር ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ስትነሳ እንደ ቁጡ ኮርማ የምታጉረመርም የስፖርት መኪና። አሮጌዋን ከኮምቦልቻ ገዝታ ካመጣቻት ሁለት ወር አይሞላትም። የፊቷን በክሪክ አንስታ፣ ሁለቱን ጎማዎች አውልቃ፣ ስልኳን ባልዲ ላይ አስደግፋ እያየች የፍሬኑን ዕቃ ትነቅላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሻሼን ጫፍ እነክሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ከሚሴ ውስጥ ጋራዥ ጠፍቶ ነው?»

«እማ፣ ጋራዥ ብወስዳትም የምሰራት እኔው ነኝ እኮ።»

እውነቷን ነው። ሙያውን ተምራለች፤ ከወንዶቹ እኩል ግራሶ ተቀብታ ነው እንጀራዋን የምትበላው። ግን ነገ ወደ ደሴ ልትወጣባት ነው። እናት ደግሞ ሙያው አይታያትም፤ የሚታያት መንገዱ ነው። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፤ የወጣ ሰው እስኪገባ ልብ ተሰቅሎ ነው የሚዋለው። ቤት ውስጥ ፈሪ ነሽ ይሉኛል። ነኝ፣ አልክድም። ትምህርቱንም ከሶስተኛ ክፍል የተውኩት ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ መሻገር ፈርቼ ነው። ይህንንም የምጽፈው ፊደሉ እየተጣመመብኝ ነው።

ታዲያ የፍሬን ዘይቱ ሽታ ከግቢው ገብቶ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ የሰርጌ ሳምንት እንዳለ ተመልሶ መጣ።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ ማሽላው ታጭዶ፣ አገዳው በየአጥሩ ተከምሮ፣ ከብቱ ጨፋ ሜዳ ቃርሚያ ላይ የተለቀቀበት ጊዜ። ጠዋት ጠዋት ሸለቆው በጭጋግ ይሞላና ፀሐይ ስትወጣ እንደ ወተት አረፋ ይጠፋል። ከማል የሚባል የባቲ ነጋዴ ልጅ አጭቶኝ፣ ለእሁድ ተቀጥሮ ነበር። በኛ ዘንድ ሙሽራ የሰርጓ ሳምንት ከጓዳ አትወጣም። እኔም እጄንና እግሬን እንሶስላ ታስሬ፣ አክስቴ ፋጡማ ለጋ ቅቤ ጭንቅላቴ ላይ ደፍታብኝ፣ የማሽላ ቂጣ በተልባ እየበላሁ ተቀምጬ ነበር። ሰው ያቺን ሳምንት እንደ ንግሥት ትኖሪያለሽ ይላል። እኔ የኖርኩት እንደ ታሰረች ፍየል ነው። ከጓዳዋ ትንሽ መስኮት በቀር ዓለም አልነበረኝም።

በዚያች መስኮት የሚታየኝ ወንድሜ ሰይድ ነበር። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ፣ ያሳደገኝ እሱ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቶ ሲመለስ፣ ባለቤቷ ተስፋ የቆረጠባትን አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ። የከሚሴ ሰው እንደዚያ ያለ አይቶ አያውቅም። ጎረቤታችን አያ እንድሪስ፣ የአይሱዙ ሾፌሩ፣ ዞር ዞር ብሎ አያትና፣

«ሰይዶ፣ ግማሿን የት ጣልከው?» አለው።

«ፍጥነቷን ስታይ ያንተም ግማሽ ልብህ ይጠፋል» አለው ሰይድ።

አስነስቶ እስኪነዳት አንድ ዓመት ፈጀበት። እና እኔ ስታጭ፣ የባቲ ሰዎች ሙሽሪትን በሚኒባስ እንወስዳለን ብለው ሲልኩ፣ ወንድሜ አይሆንም አለ። «እህቴን በሰው መኪና አላስወስዳትም። በገዛ እጄ በሰራኋት መኪና፣ እኔው ነድቼ ባቲ አደርሳታለሁ። ወላሂ!» ብሎ ማለ። ሰይድን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከማለ አይመለስም። የኔም ፍርሃት የጀመረው ያኔ ነው። ምክንያቱም የመኪናዋ ፍሬን ጤና አልነበረውም፤ የባቲ መንገድ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወዲያ መጠማዘዝና መውረድ ነው። ፍሬኑ ያዘም አልያዘም ወንድሜ መሐላውን ብሎ እንደሚነዳ አውቅ ነበር። እናቴም ታውቅ ነበር። ሶላቷን ከወትሮው ታስረዝማለች።

ሐሙስ ዕለት አዲሱ የፍሬን ዕቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣለት። ሰይድ በመስኮቱ በኩል አሳየኝ። «ይኸውልሽ ዘይነባ፣ ይሄ ካሊፐር ነው፤ እጅ በይው። ይሄ ደግሞ ፓድ ነው፤ መዳፍ በይው። ይሄ የሚዞረው ብረት ዲስክ ይባላል። ፍሬን ስረግጥ እጁ በመዳፉ ዲስኩን ጭብጥ ያደርግና ጎማውን ያቆመዋል። በቃ ይሄው ነው።»

«ካልጨበጠስ?»

«አንቺ ደግሞ! ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።»

ጠዋቱን ሙሉ የፊቶቹን ሁለት ጎማዎች ፍሬን ሰራ። አሮጌው ካሊፐር ዝጎ ተጣብቆ ኖሮ በመዶሻ እየመታ፣ እየተሳደበ፣ ወዲያው «አስተግፊሩላህ» እያለ አወለቀው። አዲሱን ዲስክ አሰረ፤ እንደ መስታወት ያበራል። አዲሱን ካሊፐር በላዩ ገጠመ፤ ፓዱን አስገባ። እናቴ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ፍሬን እየረገጠች እሱ ከዘይቱ መስመር አየር አስወጣ። «እርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ሲላት፣ ያቺ ጨዋ ሴትዮ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንደ ወታደር ትታዘዛለች። ጎማው ብቻ ሲቀር የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ደረሰ። ሰይድ ታጥቦ ለሶላት ሄደ፤ ተመልሶም ምሳ በላ። ከዚያ ጎማውን አሰረና ክሪኩን አወረደ።

«ቢስሚላህ» ብሎ አስነሳት። ግቢያችን ወደ አጥሩ ትንሽ ዘንበል ይላል። መኪናዋ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። እሱ ፍሬን ረገጠ፤ እግሩ ሲወጠር ከመስኮቴ ይታየኛል። መኪናዋ ግን ሰላም እያለች እንደሚሄድ ሰው ዝም ብላ ሄደችና አጥሩ ሥር የተከመረው የማሽላ አገዳ ውስጥ ራሷን ቀበረች።

አያ እንድሪስ በአጥሩ በላይ ብቅ አለ። «ሰይዶ! መኪናህ ርቧታል መሰል፣ አገዳ ትበላለች!»

ሰይድ አልሳቀም። አየር ቀርቶ ይሆናል ብሎ እናቴን እንደገና አስረገጣት። እንደገና ሞከረ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይቆማል፤ ጎማው ግን አይቆምም። ሶስተኛም ሞከረ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ዕቃው ነው። የማይረባ ዕቃ ነው የላኩልኝ» አለ።

«ልጄ፣ ሚኒባሱ ይሁንላት። አፉ በለኝ» አለችው እናቴ።

«ምያለሁ እማ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ይዣት እወርዳለሁ።»

ይህን በመስኮቱ ሰማሁ። የባቲን ቁልቁለት በእጅ ፍሬን! ከሚሴ ላይ ሙሽራ ሆኜ ባቲ ላይ ሬሳ ልሆን ነው፤ ከዚያም በላይ ወንድሜን ልገድለው ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እያለቀስኩ አፍንጫዬን ስስብ ነው አንድ ሽታ የመጣብኝ። ቅቤ። የሚቃጠል ቅቤ።

ሰው ቅቤ ሁሉ አንድ ነው ይላል። እኔ ከልጅነቴ ከእናቴ ጋር ጨፋ ሮቢት ገበያ ቅቤ ስሸጥ ያደግኩ ነኝ። ዓይኔን ታስሬ ለጋውን ከበሳሉ፣ የላሙን ከፍየሉ እለያለሁ። ይሄ ወጥ ቤት ያለው በኮረሪማ የተነጠረው አልነበረም። ለጋ ነው፤ ለራስ የሚቀባው፣ እኔ ጭንቅላት ላይ ያለው ዓይነት። ለጋ ቅቤ ማን እሳት ላይ ያደርጋል? ደግሞ ሽታው ከወጥ ቤት አይደለም፤ ከግቢው ነው። ከመኪናዋ ነው።

ያን ጊዜ ሰይድ «እጅ በይው፣ መዳፍ በይው» ያለኝ ትዝ አለኝ። ቅቤ የነካ እጅ ምን ይጨብጣል? ገበያ ላይ ስንት ቅል ከእጄ አሟልጮ ተሰብሮብኛል!

እንሶስላው ከነማሰሪያው እንዳለ፣ ቅቤው አንገቴ ላይ እየቀለጠ፣ በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ያ አላህ! ሙሽራ ወጣች!» ብላ ጮኸች አክስቴ ፋጡማ።

«ግቢ! አንቺ፣ ሰው ያይሻል!» አለ ሰይድ።

«ጎማውን ፍታው! መኪናህ ቅቤ ተቀብታለች!»

«አበደች» አለ አያ እንድሪስ፣ ግን አጥሩን ዘሎ ገባ።

ሰይድ ተንበርክኮ ጎማው አጠገብ አሸተተ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጎማውን ፈታ። ያ እንደ መስታወት ያበራ የነበረ ዲስክ ወዝቶ፣ የቀለጠ ቅቤ ከሥሩ ያንጠባጥባል። ማንም ሳይጠይቃት አክስቴ ተናገረች።

«እኔ ነኝ! ምን አጠፋሁ? ሙሽራ የምትጭን መኪና በደረቁ ትሂድ? አንተ ሶላት ስትሄድ እግሯ ተገልጦ አየሁትና በሁለቱም በኩል ቀብቼ መረቅኩላት!»

«አክስቴ፣ አክስቴ! ግንባሯን ብትቀቢያት ምን ነበረበት!»

«ግንባሯ የቱ እንደሆነ በምን አውቄ? ወደፊት የምትሄደው በእግሯ አይደል?»

አያ እንድሪስ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሰይድም ሳቀ። እናቴ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። አክስቴ ብቻ ተቆጥታ ቆማለች። የእሷን ጥፋት ዛሬም ጥፋት ለማለት አፌ አይደፍርም፤ አዲስ ነገር ቅቤ ሳይነካው ከቤት ሲወጣ በኛ አገር ይከብዳል። ፍቅሯን ነው እዚያ ብረት ላይ የለቀለቀችው።

ሰይድ በቤንዚን እጠርገዋለሁ አለ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እንደ ቅቤ ዕቃ ይታጠብ» አልኩት። ከገባሁበት ወዲያ አልመለስም! እንዶድ አስወቀጥኩ፣ ውሃ አስፈላሁ፣ ዲስኩንና ካሊፐሩን እየፈታ ሲሰጠን እኔና እናቴ ለቅቤ ገበያ እንደምናጥበው ቅል ፈትገን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። እሱ ፓዶቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋቸው፤ የወዛው ገጽ ሄዶ ደረቁ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ በቤንዚን አበሰው። የእጄ እንሶስላ እዚያው ለቀቀ፤ ባቲ የደረስኩት እጄ እንደ ዝንጉርጉር ዶሮ ሆኖ ነው።

አስር ሰዓት ገደማ ገጥሞ፣ አየሩንም እንደገና አስወጥቶ ጨረሰ። አስነሳት። ወደ አጥሩ ለቀቃትና ረገጠ። መኪናዋ አፍንጫዋን መሬት ላይ ደፍታ ቀጥ አለች። አንድ አገዳ እንኳን አልነካችም። ደግሞ ሞከረ፤ ቀጥ። አክስቴ እልል አለች። «ምን እልል ያሰኛታል?» አለ አያ እንድሪስ፣ «ቅቤው ወጥቶ ነው እኮ!» እሷ ግን አልሰማችውም።

እሁድ ሰርገኛው መጥቶ፣ በልቶ፣ ተመርቀን ወጣን። እኔ ከፊት ወንድሜ አጠገብ፣ ከማል ከኋላ። የኋላው መቀመጫ ለሕፃን እንጂ ለሙሽራ አልተሰራም፤ ጉልበቱ አገጩን ይነካል። ሀርቡን አለፍን፣ ኮምቦልቻን አለፍን። ቁልቁለቱ ሲጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰይድ በየጠመዝማዛው ሲረግጥ መኪናዋ ከብዳ ስትገታ በጀርባዬ ይሰማኛል። አንዱን ጥምዝ እንደዞርን ግመሎች መንገዱን ሞልተውት መጡ፤ ከቆላ ጨው የጫኑ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከማል «ያ ረቢ!» አለ። ሰይድ ረገጠ። ዓይኔን ስገልጥ የፊተኛዋ ግመል ከመስታወቱ ማዶ ቆማ እያመነዠከች ቁልቁል ታየኛለች። በመካከላችን አንድ ክንድ ነበር።

ወንድሜ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ «ጨበጠ» አለ። እንደዚያ ነው ያለው፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

ባቲ ስንገባ ያንን እልልታ ብትሰሙ! ሕዝቡ መኪናዋን ከበባት። በአይሱዙው ዘመድ ጭኖ ከኋላችን የመጣው አያ እንድሪስ ወርዶ፣ ያ ሁሉ ፌዙን ትቶ፣ የሰይድን እጅ ሊስም ጎነበሰ። ሰይድ እጁን ነጠቀው። «እጄን ተወው አያ እንድሪስ፤ የእህቴን አፍንጫ ሳም» አለው። በሰርጌ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አንገቴ ቀና ብሎ አያውቅም።

ዛሬ ይህን ሁሉ አስቤ ስጨርስ ሀያት ጎማውን አስራ እጇን ትታጠባለች። ስንት ዓመት ፍርሃቴን እንደ ነውር ስደብቀው ኖሬያለሁ። ያን ሐሙስ ግን ጓዳ ውስጥ ሆኖ የሚያለቅስና የሚያሸት ሌላ ማንም አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ደፋር ነበር። ፍርሃቱ ነው በሩን ያስበረገደኝ። እንግዲህ ልጄን ከመንገድ ላስቀራት አልችልም። ወደ መኪናዋ ሄጄ ጎንበስ አልኩና ጎማውን አሸተትኩ፤ ብረትና ዘይት ብቻ ነው።

«ምን ታሸቺያለሽ እማ?» ብላ ሳቀች። «እስከ ቦርከና ድልድይ ልሞክራት ነው፤ ትመጫለሽ?»

ገባሁ። ቀበቶዬን ራሷ አሰረችልኝ፤ እጇ አሁንም ርጥብ ነው።

«ፈራሽ እንዴ?»

«አዎ» አልኳት። «ንጂ።»