የያደሳ መንጋጋና የእትዬ ፋሲካ ጉርሻ

ረዳቴ ያደሳ እንጀራው አፉ ነው። በታክሲያችን ከአየር ጤና ዓለም ባንክ ስንመላለስ እሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፣ እኔ እነዳለሁ። ጥርሱን መንከባከብ ነፍሱ ነው። ጠዋት በወይራ መፋቂያ ሳይፍቅ ተሳፋሪ አይጠራም። እዚህ ድረስ ምንም ክፋት የለውም፣ እኔም እፍቃለሁ።

ነገሩ የተበላሸው እጮኛው ሶፊ ከእናቷ ጋር ልታስተዋውቀው ቀን የቆረጠች ጊዜ ነው። እናትየዋን እትዬ ፋሲካን 18 ማዞሪያ አካባቢ የማያውቃቸው የለም። ሰው የሚመዝኑት በጉርሻ ነው፤ ጉርሻቸው ደግሞ ጡጫ ያክላል። ከዚህ በፊት የሶፊን ታላቅ እህት ሊያገባ የመጣ አንድ ሰው «በቃኝ» ብሎ እጃቸውን ቢመልስ፣ እጄን የተጸየፈ ልጄን እንዴት ሊይዝልኝ ነው ብለው ሸኝተውታል። ያደሳ ይህን ስለሚያውቅ ፍርሃት ያዘው። ሶፊን እንደሆነ ይወዳታል፣ ሲያያት መልስ መስጠት ሁሉ ይረሳል።

እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቢያንስ ጥርሴ አምሮ ልታይ ብሎ መፋቂያውን ከአፉ አላወጣም አለ። ሲጣራ ያኝካል፣ ሒሳብ ሲሰበስብ ያኝካል። ተው አንተ ልጅ፣ መፋቂያ ይፋቅበታል እንጂ እንደ ሸንኮራ አይታኘክም ብዬ ብመክረው ማን ሰምቶኝ! ጥርሱስ ወተት መሰለ፣ መንጋጋው ግን ቀጥ አለ። አንድ ቀን ጠዋት «አየር ጤ» ብሎ የቀረችው «ና» እዚያው አፉ ውስጥ ቀረች።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ጥርሱን አይታ አደነቀች፣ ከዚያ ገሠጸችው። አፉን በግድ እንዳይከፍት፣ መፋቂያውን ለጊዜው እንዲተው፣ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከረ ጉንጩ ላይ እንዲይዝ፣ ቆሎና ማስቲካ እርም ብሎ ለስላሳ ለስላሳውን እንዲበላ፣ ካልተሻለው ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ነገረችው። ያን ሰሞን የምጣራው እኔው ሆንኩ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ እውነቱን ነው፣ ድምፄ በር እንኳን አያስከፍትም። ያደሳ ጉንጩን በጨርቅ ይዞ ጋቢና ይቀመጣል።

የማስተዋወቂያው ግብዣ ሲደርስ መንጋጋው ላላ ብሏል፤ ግን አፉ ከጣት ውፍረት በላይ አይከፈትም። ቀኑን አስለውጥ ብዬ ብነግረው፣ ፈርቶ ቀረ ይሉኛል ብሎ አሻፈረኝ አለ። እንደ ታላቅ ወንድም ሆኜ አብሬው ሄድኩ። ዶሮው ቀረበ። እትዬ ፋሲካ ጠቀለሉ፣ ጠቀለሉና ያንን ጡጫ ወደ አፉ አመጡት። ያደሳ የቻለውን ያህል ከፈተ፣ አልበቃም። ጨነቀውና አፉን በእጁ ሸፈነ። የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሶፊ አቀረቀረች። አለቀለት አልኩ በሆዴ።

«እትዬ፣ ንቄ አይደለም» አለ፣ ጥርሱ እንደገጠመ። «እርስዎ ፊት ላምር ብዬ መፋቂያ ሳኝክ ሰንብቼ መንጋጋዬ ተያዘ። አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው።»

እትዬ ፋሲካ ጎንበስ ብለው ጉንጩን አዩት። ከዚያ ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሱት። አሁን ተነስተን መሄዳችን ነው ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ፈለግሁ።

እሳቸው ግን ከዚያችው ጉርሻ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቆረሱ፣ ወጡ ውስጥ አራሷትና በጣታቸው ጫፍ አጎረሱት። ዋጠ። ሌላ ቆረሱ። ደግሞ ሌላ። እኛ እጃችንን ሰብስበን እናያለን፣ ዶሮው ይቀዘቅዛል፣ ገበታው ላይ እጁን የሰደደ የለም። ያደሳ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሰውን እንዳያስጠብቅ ቶሎ ቶሎ ሊውጥ ሲታገል እትዬ ፋሲካ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት።

«ቀስ በል ልጄ» አሉት። «ቤትህ አይደል እንዴ፣ ማን ያባርርሃል?»