አንድ ለእናቱ ባንድ

ወንድሜን የሙያ ጓደኞቹ «አንድ ለእናቱ» ይሉታል። እኔ ታላቅ እህቱ ቁጭ ብዬ! ስሙ የወጣለት ብቻውን ባንድ ስለሆነ ነው። ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን ቤቱ ቀድቶ በፍላሽ ይዞ ይሄድና ሆቴል ውስጥ ያንን ከፍቶ፣ በላዩ ላይ ኪቦርድ እየተጫወተ ይዘፍናል። ለአንድ ዘፈን አጃቢ ሳምንት ሙሉ ሲለፋ አይቻለሁ። ከበሮው ትንሽ ቀደመ ብሎ ምሳውን ትቶ የሚነሳ ሰው ነው።

ይህን ለአባባ ማስረዳት ግን አልተቻለም። አባባ ዕድሜ ልኩን አናጺ ስለነበር እጅ ያልነካውን ነገር ሥራ አይለውም። «ልጅህ ምን ይሠራል?» ሲሉት «ቁልፍ ይጫናል» ይላል። ይህቺ መልስ ወንድሜን ታንገበግበዋለች።

እሁድ ዕለት በስንት ልመና አባባን ምሳ ልጋብዝህ ብዬ ሆቴሉ ወሰድኩት። ወንድሜ «ጣቶቼን በዓይኑ ይይልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ስላለኝ፣ ከመድረኩ ጎን እጁ በደንብ የሚታይበት ጠረጴዛ ያዝኩ።

ሰዉ ይበላል፣ ያወራል፣ ማን ይሰማል! አንዷ እንዲያውም ወደ መድረኩ ሄዳ «ወንድም፣ ቀንሰው እስቲ፣ ስልክ እያወራሁ ነው» አለችው። ደሜ ፈላ። አባባ ግን ሹካውን አስቀምጦ የልጁን እጅ ያያል። ከባዱ ዘፈን ሲመጣና ጣቶቹ መሮጥ ሲጀምሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ለካ እጁ ፈጣን ነው» አለ። ከአባባ አፍ! በደስታ ወንድሜን ጠቀስኩት።

እሱም ወዲያው ገባው። ፊቱ በርቶ፣ ቀኝ እጁን አንስቶ አባባን ሰላም አለው።

ዜማው ቀጠለ። እጁ አየር ላይ ነው፣ ኪቦርዱ ይዘፍናል፣ አንዲት ድምፅ እንኳ አልጎደለችም።

ለካ ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ሲከትፍ የቀኝ እጁን ጣት ቆርጦ ኖሮ፣ ሥራ እንዳይቀርበት የዚያን ዘፈን ዜማ በግራ እጁ ቁርጥራጭ እየገጣጠመ አጃቢው ላይ ቀድቶታል። ጣቱ ሲድን ማጥፋቱን ረሳው። ሲጫወትም ከቀዳው ጋር ልክ ለልክ ስለገጠመ አልተሰማውም። ጎበዝነቱ ጉድ አደረገው።

በእረፍቱ ላብ በላብ ሆኖ ጠረጴዛችን ጋ መጣ። «አባባ፣ እሱም እኮ እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት!» ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

አባባ የተቆረጠችውን ጣት ይዞ አገላብጦ አያት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

«አምንሃለሁ ልጄ። እቤትህ ሆነህ ሠርተኸዋል ማለት ነው» አለ። «ታዲያ ዛሬ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ወንድሜ ጣቱን ከአባባ እጅ አውጥቶ ላቡን ጠረገ። እኔ በአባባ ልናደድ ወይስ በወንድሜ፣ አላወቅኩም።

አስተናጋጁ እረፍትህ አልቋል ብሎ ጠራውና ወንድሜ ተመልሶ መድረኩ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳም። አባባ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ምሳውን እየበላ ነበር።