ኤነሌሲ ዘፈን የነፈገችው እጩ

በእኛ መንደር የምርጫ እጩ ከመኪናው የሚወርደው በዘፈን ነው። ሴቶች ሳይዘፍኑለት መሬት የረገጠ እጩ፣ ገና ድምፅ ሳይሰጥ ተሸነፈ ይባላል። በቺልዋ ሐይቅ ዳር ባሉት መንደሮች ሁሉ ደግሞ ዘፈን አውራጇ ኤነሌሲ ነበረች። እንጀራዋ ዓሣ ማድረቅ ነው፤ ደቃቃውን ዓሣ በሸምበቆ ቆጥ ላይ አስጥታ ገበያ ታወጣለች። ምርጫ ሲመጣ ግን ሁሉም ደጇን ይጠናል። በአራት ምርጫ ለሁሉም ፓርቲ ዘፍናለች። የእጩው ፊት የታተመበትን ሽርጥ ይሰጧታል፣ ታገለድመዋለች፤ ሰውየው ከተሸነፈ መጋረጃ ታደርገዋለች። «እኔ ቤት መስኮቱ ሁሉ ተሸናፊ ነው» እያለች ታስቀን ነበር። እኔ ዶሪካ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጎኗ ቆሜ ስትዘፍን የምቀበላት ነበርኩ።

እናቷ የሞተችባትን የልጅ ልጇን ቲያሚኬን ያሳደገችው እሷ ናት። ቲያሚኬ ቆዳዋም ፀጉሯም ያለ ቀለም ነው የተወለደችው። እንደ እሷ ያለ ሰው አጥንት ሀብትና ሥልጣን ያመጣል ብለው የሚያምኑ፣ ሰው ለመባል የማይበቁ ፍጡሮች አሉ። ምርጫ ሲቃረብ ገበያቸው ይደራል። ለምን ያኔ እንደሚደራ ስንጠይቅ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ይለናል። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ኤነሌሲ ዓሣ ልትረከብ ሐይቁ ዳር በወረደችበት ማለዳ፣ የጭቃ ግድግዳውን ሰርስረው ገቡ። በጩኸቷ ተረፈች። ከተያዙት አንዱ ላይፎርድ የሚባል የመንደራችን ሰው ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው በዋስ ወጣ። መዝገቡ ሁለት ዓመት ተኛ። እሱ ገበያ መሀል ይንጎራደዳል፤ የታሰረችው ልጅቱ ናት። ትምህርቷ ቀረ፣ ከደጅ አትወጣም።

ከዚያ ያለፈው ምርጫ መጣ። የመብት ተሟጋቾች እጩዎችን ዞምባ ከተማ አንድ ሆቴል ሰብስበው ቃል ኪዳን አስፈረሟቸው። ያለ ቀለም የተወለዱ ሰዎችን ሕይወት እንጠብቃለን፣ የተኙትን መዝገቦች እናንቀሳቅሳለን የሚል ነው። የእኛው እጩ አቶ ቺፑንጉም ካሜራ ፊት እየሳቀ ፈረመ። ኤነሌሲ በሬዲዮ ሰምታ ደስ አላት። ቅስቀሳው መንደራችን የደረሰ ዕለት ግን፣ ከእጩው መኪና ፊት ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ የሚለፍፈው ላይፎርድ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሜዳው ሞልቶ ከበሮው ሲመታ ኤነሌሲ አፏን አልከፈተችም። እኛም ዝም አልን። ከበሮ መቺው ደጋግሞ አየንና ተወው። መኪናው መስኮቱን ዘግቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። ኤነሌሲ ሄዳ መስተዋቱን አንኳኳች፤ ስንዝር ያህል ወረደ።

«እናታችን፣ ምን ነካዎት? ጉሮሮ ተዘጋ እንዴ?» አለ እጩው።

«ጉሮሮዬስ ደህና ነው። ከተማ የፈረሙትን እዚህ በአፍዎ ይበሉት። የቲያሚኬ መዝገብ ይከፈታል ይበሉ። ያም ሰውዬ ድምፅ ማጉያውን ያስቀምጥ።»

«ፈርሜያለሁ እኮ። ፊርማ አይበቃም?»

«በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል። ፊርማዎ ሆቴል ቀርቷል፤ እኛን ሆቴል የሚያስገባን የለም።»

«እማማ፣ ሕዝቡ እንዲህ ያለ ወሬ አይወድም፤ ድምፅ ያሳጣኛል። ልመረጥና ረጋ ብለን እናየዋለን።»

«ልጅቱን የሚፈልጓት ሰዎች እርስዎ እስኪመረጡ አይጠብቁም» አለችው። መስተዋቱ ተዘጋ።

የመንደሩ ሹም እሷን አላናገረም፤ ያውቃታል። ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ዶሪካ፣ የማዳበሪያ ኩፖን ዝርዝር የማወጣው እኔ አይደለሁም እንዴ? ያንቺ ስም የት ይሁን?»

ሰበብ አላጣም። አራት ልጆች አሉኝ፤ መሬቴም ያለ ማዳበሪያ ለዕለት ገንፏችን፣ ለንሲማ የሚሆን በቆሎ አያበቅልም። አፌን ከፍቼ ዘፈኑን አወረድኩት። ሴቶቹ ከኤነሌሲ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ኤነሌሲ ሲያዩ ቆይተው ተቀበሉኝ። ያ ዓይን አውጣ እጩ እየተውረገረገ ከመኪናው ወረደ። ስለ መንገድ አወራ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ አወራ፤ ስለ ልጅቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ማጉያውን የያዘለት ላይፎርድ ነው። ኤነሌሲ አንዴ ዞር ብላ አየችኝና ሜዳውን አቋርጣ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኤነሌሲ ቆማለች፤ ከጎኗ ቲያሚኬ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ጉልበቷ ላይ የቀረባትን የድሮ ዩኒፎርም ለብሳለች።

«ትናንት ከጎረቤት ጋር ቤት ስተዋት፣ ዘፈን ከሰማሽ ሰውየው ቃሉን ሰጥቷል ማለት ነው፤ በነጋታው ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ ብያት ነበር» አለች ኤነሌሲ። «ዘፈኑን ሰማች። አልሰጠም ብላት አላምን አለችኝ። አንቺ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ምንም እንዳላለ፣ መዝገቡም እንደተኛ እንደሚቀር ነገርኳት። ቲያሚኬ ከባርኔጣዋ ሥር ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ እትዬ ዶሪካ፣ ለምን ዘፈንሽለት?»

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ማዳበሪያው ሳወራ ኖሬያለሁ። ያን ጠዋት ለእሷ ግን ማዳበሪያ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።