ጀርባዬን አልሰጥም ያሉኝ አዛውንት

ዛሬ አንድ አዛውንት በካሜራዬ ምክንያት ለጥቂት ቦይ ውስጥ ከመውደቅ ተረፉ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለ ገብስ ገበሬዎች ለምሠራት አጭር ፊልም ከደብረ ታቦር ወጣ ብዬ አዛውንቱን ገበሬ አያ ሞላን ደጃቸው ላይ ስቀርጽ ዋልኩ። የቀረኝ መጨረሻዋ ብቻ ነበረች፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ እየራቁ ሲሄዱ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው።

"አያ፣ ዝም ብለው ይሂዱ፤ ወደ እኔ አይዩ።"

ሦስት እርምጃ ሄደው ዞሩ። ደገምን፤ አሁንም ዞሩ። በሦስተኛው ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው የኋሊት መራመድ ጀመሩ። ቦዩ ጫፍ ደርሰው ለጥቂት የተረፉት ይሄኔ ነው።

"ልጄ፣ እንግዳ ደጄ ላይ ቆሞ ጀርባዬን ሰጥቼ የት እሄዳለሁ? አንተ ሂድ፣ እኔ ልሸኝህ።"

ብርሃኑ እያለቀብኝ ስለሆነ ካሜራዬን ወደ እሳቸው እንዳዞርኩ እኔው የኋሊት ሄድኩ። (ሁለቴ ተደናቅፌአለሁ። አልተቀረጸም፣ ተመስገን።)

አሁን ቤቴ ገብቼ እያየሁት ነው። አያ ሞላ ከአጥራቸው በር ላይ ቆመው በምስሉ ላይ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ነጥብ አከሉ። ምስሉ ያለቀው እሳቸው ወደ ቤት ገብተው ሳይሆን ካሜራዬ ከዚያ በላይ ማየት አቅቶት ነው።

ካሰብኩት መጨረሻ ይሄ በለጠ። የእናንተን ዕቅድ አበላሽቶ ሥራችሁን ያሳመረላችሁ ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ፤ እኔ እንደሆን ዳይሬክተርነቱን አስረክቤ መጥቻለሁ።