በር ሊሆን የታሰበው የጋሼ ሰንበቱ መስኮት

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት በቅሎ የነዳችሁ፣ ጨው ያወጣችሁ፣ ወይም በጋሼ ሰንበቱ ደጃፍ ቆማችሁ አንድ ቅል ውኃ የጠጣችሁ ሁሉ ይህን ስሙ። ጋሼ ሰንበቱ ሰኞ ማለዳ፣ በገዛ እጃቸው ባቆሟት ጎጆ ውስጥ ዐርፈዋል። ደረታቸውን ማመም ከጀመራቸው ሰንብቶ ነበር። የቀበርናቸው ከደብራችን አጥር ሥር፣ ቁልቁለቱ ወለል ብሎ ከሚታይበት በኩል ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ ኃይሌ ጠራቢው ነኝ። ፊደል ማንም አላስቆጠረኝም፤ የደብሩ ልጆች ሲቆጥሩ እኔ ከአጥሩ ውጭ እንጨት እየጠረብኩ ሰምቼ ያዝኩት። መጥረቢያም ያስተማረኝ የለም። ዛሬ ከጎረቤላ እስከ አንኮበር ቀጥ ብሎ የቆመ መቃን ካያችሁ፣ ወይ እኔ የሠራሁት ነው፣ ወይ የእኔን አይቶ የተሠራ ነው። ይህንን ለመመካት አልጻፍኩትም፤ የምጽፈው ስለ በርና ስለ መስኮት ስለሆነ ቃሌን እንድታምኑ ብዬ ነው።

ጋሼ ሰንበቱ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በሲራራ ነጋዴነት ነው። ቆላ ወርደው ጨው ይጭናሉ፣ ደጋ ወጥተው ያራግፋሉ። የመንገድ ባልንጀራቸው የአሊዩ አምባው እድሪስ ነበሩ። ሁለቱ ሥጋ ሲሆን ለየብቻ፣ ቂጣ ሲሆን ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ በአንድ የበቅሎ ኮርቻ ሁለት ራስ አስደግፈው እየተኙ ጎልምሰዋል። እድሪስ ቁመታቸው ከሰው ሁሉ አንድ ራስ ይበልጣል። ደጋ በወጡ ቁጥር ግንባራቸውን የበር ጉበን ይመታቸዋል። በዚያን ጊዜ ግንባራቸውን እያሻሹ እንዲህ ይሉ ነበር፤ «እናንተ ደገኞች በር የምትሠሩት ለፍየል ነው። ሰው ቤታችሁ ሲገባ ሳይወድ ይሰግዳል!»

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እድሪስን ቆላ ላይ ንዳድ ያዛቸው። ወንዙ ሊሞላ ነው፣ ጓዙ ሁሉ ተነሥቷል። እድሪስ ከተኙበት ሆነው «ሂድ፣ ተሻገር» አሏቸው። ጋሼ ሰንበቱም ሄዱ። ጭነቱን ከወንዙ ማዶ አድርሰው ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው፤ ወንዙ ግን ሞላ። ውኃው ጎድሎ ሲመለሱ የሰፈሩበት ቦታ ባዶ ነው። እድሪስን ከብት ጠባቂዎች ተሸክመው አሊዩ አምባ አድርሰዋቸው ኖሯል።

እድሪስ ዳኑ። አልተጣሉም፣ አልተካሰሱም። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ግን እድሪስ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን ሽቅብ ወጥተው አያውቁም። ጋሼ ሰንበቱ አንድ ቀን መቃን እየጠረብኩላቸው ሳለ እንዲህ አሉኝ፤ «ሂድ ያለኝ አፉ ነው። ዓይኑ አላለኝም። እኔ ደግሞ አፉን ሰማሁ።»

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ጸጥ ብላለች፤ ገበያውም ቀዝቅዟል። የጋሼ ሰንበቱም ጉልበት ደከመ። በቅሎዎቻቸውን ሸጡና ገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ሊሠሩ ተነሡ። ጎረቤት ደቦ እንውጣልዎ ቢላቸው እምቢ አሉ። «ዕድሜዬን በድንኳንና በሰው ቤት አሳልፌያለሁ። ይቺን አንዷን በእጄ ላቁም» አሉ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃና ጭድ ሲያቦኩ፣ እያሳላቸው ማገር ሲያስሩ ያየ ሁሉ ያስታውሳል። በሩንና መስኮቱን ግን ያለ እኔ አይሞክሩትም ነበር፤ ደግሞስ ማን አለ?

አንዱን በር እንደ ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ አደረግነው። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከቆላው በኩል ስለሚመጣ በዚህ አገር ወደዚያ በር የሚያወጣ የለም። እሱን እንደ ጨረስን ጋሼ ሰንበቱ በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ በዘንጋቸው መታ መታ አደረጉና «ሁለተኛው እዚህ ነው» አሉኝ።

«ሁለተኛው ምን?» አልኳቸው።

«በር ነዋ። የእድሪስ በር። ከመንገዱ ቀጥ ብሎ የሚገባበት፣ ለስግደቱ የራሱ ጥግ ያለው። በኔ ደጃፍ እንደ እንግዳ ተጣርቶ እንዳይገባ።»

«ቁመቱስ?»

«ዘንጉን ከራስህ በላይ አንሣ። ገና። ገና! አንተ ሰውዬ፣ እድሪስን አታውቀውም እንዴ? እህ፣ እዚያ ላይ። ጎንበስ ሳይል ይግባ።»

ጎረቤታችን ተክሌ በዚያ ሲያልፍ ቆመና በሳቅ ፍርስ አለ። «ጋሼ፣ ግመል ሊያስገቡ ነው?» አላቸው።

«ግመሉ ውጭ ይቀራል፤ ጌታው ነው የሚገባው» አሉት፤ እሳቸውም ሳቁ።

እንጨቱን መረጥን። ለመቃኑ ወይራ አልኩ፤ ምስጥ አይደፍረውም። ለመዝጊያው ጥድ አልኩ፤ ቀላል ነው፣ የታመመ ሰው እጅ እንኳ ይገፋዋል። አንድ የጥድ ግንድ በሽብልቅ ሰንጥቄ ያን የሚያህል ሳንቃ ያለ አንዲት ስንጥር አወጣሁ። እንዲህ ያለ ሳንቃ በሸዋ ያወጣ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ነገር ግን ግድግዳው በዚያ በኩል ክፍት ሆኖ በሰነበተበት ሳምንት ነፋሱ ገባና የጋሼ ሰንበቱ ሳል ጠና። ያን ጊዜ ሐሳባቸውን ለወጡ። «ለጊዜው መስኮት ይሁን» አሉ። «መቃኖቹን እስከ መሬት አውርዳቸው፣ ጉበኑም ባለበት ይቀመጥ። ከወገብ በታች በጭቃ እንሙላው። እድሪስ የመጣ ቀን በመጥረቢያህ ጀርባ አንዴ ስትለው ይወድቃል፣ በር ይሆናል።»

እኔ አልወደድኩትም። «ጋሼ፣ በር ተዘግቶም ቢሆን በር ነው። ከመንገድ የሚያይ ሰው ያውቀዋል። መስኮትን ግን ማን በር ይለዋል? አሁኑኑ ይቆረጥ፤ እኔ ነፋስ የማያሳልፍ አድርጌ እገጥመዋለሁ» አልኳቸው።

«ለማን ስትል? እድሪስ እስኪመጣ ድረስ እኔ ልኑር እንጂ» አሉኝ።

ቤቱ የእሳቸው ነው። ጭቃውን ሞላን። ለመስኮቱ አጭር መዝጊያ ሠራሁለት። ረጅሙን የጥድ ሳንቃ ቤቴ ወስጄ ከጎተራዬ ኋላ አቆምኩት።

በነጋታው ወደ ገበያ ለሚወርዱ ሰዎች «እድሪስን በርህን አቁሜልሃለሁ በሉልኝ» ብለው ላኩባቸው።

«የቱን በር?» ብላቸው ተቆጡኝ። «በሩማ አለ! ያላየኸው አንተ ነህ። በቅሎው ሳይጫን ጭነቱ የማይታየው ሰው ምኑን ነጋዴ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሰንበቱን የምታገኟቸው በዚያ መስኮት ነበር። ቁልቁለቱን ለሚወጣ ሁሉ በመስኮቱ ውኃ ያቀብላሉ። ከቆላ መጥቶ ብርድ ያንቀጠቀጠውን «ዙርና ግባ፣ ደረቅ ገለባ አለ» ይሉታል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጨው ተሸክማ ስትወጣ አይተው፣ እያሳላቸው ወርደው ሸክሟን ተቀብለው እስከ ደብሩ ድረስ እንዳደረሱላት ራሷ ቀብር ላይ መጥታ አልቅሳ ተናግራለች። ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «እድሪስን አየኸው? መልእክቴ ደርሶታል?»

«ደርሶታል» ይሏቸዋል።

ይጠብቃሉ። በመጨረሻዋ እሑድ ከአልጋቸው መነሣት አቅቷቸው መስኮቱን እንድከፍትላቸው ለመኑኝ። ከፈትኩ። ከተኙበት ሰማዩ እንጂ መንገዱ አይታያቸውም። «አንተ እይልኝ» አሉኝ። አየሁላቸው። መንገዱ ባዶ ነበር። በማግስቱ ሳይነጋ ጎረቤቶች ጠሩኝ፤ ስደርስ አልቋል።

እድሪስ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። እኛ በምዕራቡ በር በኩል ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከመስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው አየሁ። ዞሬ ሄድኩ። «ነፍስ ይማር» አሉኝ። ከዚያ መስኮቱን በእጃቸው አሳዩኝ።

«አንድ ጊዜ መጥቼ ነበር» አሉ። «በርህን አቁሜልሃለሁ ብሎ ሲልክብኝ ጊዜ አላስችለኝ አለ። ከዚያ ከመታጠፊያው ላይ ሆኜ ቀና ብዬ አየሁ። መስኮት ነው፤ እሱም ተዘግቷል። ሰውየውም ቤት አልነበረም።»

«ከዚያ መስኮት የሚለዩት በዓል ሲሆን ብቻ ነው፤ ደብር ሄደው ይሆናል። ታዲያ ዞረው በበሩ ለምን አልገቡም?»

«በር አለህ ተብዬ የመጣሁ ሰው መስኮት ሳይ ምን ልበል? ቀልዶብኛል አልኩ። ወላሂ፣ ቀልዶብኛል ብዬ ተመለስኩ።»

እኔ ትክክል ነበርኩ። መስኮትን ማን በር ይለዋል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከዚያው መቃን ሥር ቆሜ። በሕይወቴ ትክክል በሆንኩ ቁጥር ደስ ብሎኛል፣ ለሰውም ነግሬአለሁ። ያን ቀን ግን ትክክል መሆኔን የት እንደማደርሰው አጣሁ። ምነው ተሳስቼ በነበረ! ምነው ሰውየው መስኮቱን አይተው በር ነው ባሉ!

ቤቴ ሄጄ መጥረቢያዬን አመጣሁ። እድሪስን ፈቀቅ ይበሉልኝ አልኩና ከመስኮቱ በታች ያለውን ጭቃ በመጥረቢያው ጀርባ መታሁት። ጋሼ ሰንበቱ እንዳሉት ነው፤ አንዴ ስለው ወደቀ። አቧራው ሲበርድ የወይራ መቃኖቹ እስከ መሬት ታዩ። እድሪስ መቃኑን ከታች እስከ ላይ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ጉበኑን ቀና ብለው አዩት። «በር ኖሯል እኮ» አሉ። ለቅሶኛው ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር፤ ተክሌም ነበረ፤ ያን ቀን የሳቀ የለም።

ጋሼ፣ ከእንግዲህ የምናገረው ለእርስዎ ነው። ረጅሙን ሳንቃ ከጎተራዬ ኋላ አውጥቼ በቦታው ሰቅዬዋለሁ፤ አልተጣመመም፣ ነፋስም አያሳልፍም። በሕይወት እያሉ እንዲህ ቢገፉት ኖሮ በአንድ ጣት ይከፈትልዎ ነበር። የውኃውን ቅል ከደጃፉ አንጠልጥዬዋለሁ፤ የሚያልፍ ይጠጣል። ጓደኛዎ መጥተው በበራቸው ገብተዋል፣ አልጋዎ አጠገብ ባዘጋጁላቸው ጥግ ተቀምጠዋል። ሲገቡ ግን ጎንበስ አሉ፣ ጋሼ። አንገታቸውን እስከ ደረታቸው ደፍተው ገቡ። ይህን የሚነግርዎ ሰው ካለ በእኔ እንዳይፈርዱ። ልኩን አልሳትኩም። ከራሳቸው በላይ አንድ ስንዝር ክፍት ነበር።